ሦስተኛዋ ፊደል

መልእክቱ የደረሳት ምሳዋን ጨርሳ የእርጎ ዕቃዋን ስታጥብ ነው። የላከው ኩንቾ ነበር፤ የመዘጋጃ ቤቱ የአደጋ መከላከል ኃላፊ። ኩንቾ በአፉ ወሬው የማያልቅ፣ ሲጽፍ ግን ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። «ምሰሶ ልንበይድ ነው። ዞን В ይዘጋልን። ስንጨርስ እደውላለሁ።» ይኸው ነው።

ስቪሌና እጇን ሱሪዋ ላይ አበሰችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ፕሎቭዲቭ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከከተማው ወዲያ፣ ተራራው ባለበት በኩል ግን፣ ሰማዩ እሳት ላይ እንደቆየ በርበሬ ቆዳው ጠቁሮ ተኮማትሯል።

«ዝናቡን ነገ ነው ያሉት» አለ ቬሊዛር። ፊት ለፊቷ ነው የሚቀመጠው፤ ዓይኗን ተከትሎ እሱም መስኮቱን እያየ ነበር።

«ነገ ነው።»

«ለተራራው ማን ይንገረው ታዲያ?»

ሳቀችና በኮምፒውተሯ ላይ ትእዛዝ የምትጽፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች።

ሁለቱ የሚሠሩበት ድርጅት ያዝ ለሚባለው ሸለቆ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የዘረጋ ነው። ሸለቆው በሦስት ዞን ተከፍሏል። አንደኛው ከግድቡ ሥር ነው። ሁለተኛው ብሮድ የሚባለው መንደር ነው። ሦስተኛው ከመንደሩ ታች፣ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት የጡብ ፋብሪካ የቆመበት ሜዳ ነው። በየዞኑ አንድ የውሃ መለኪያና አንድ የሳይረን ምሰሶ አለ። መለኪያው ውሃው ከልኩ ማለፉን ሲናገር ምሰሶው ይጮኻል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኮምፒውተር ግን ሸለቆው ውስጥ የለም። ያለው በሩቅ አገር፣ ከእነሱ አንዳቸውም አይተውት በማያውቁት አዳራሽ፣ በኪራይ በሚሠራ ክላውድ ላይ ነው። እሱም ቢሆን በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ አይደለም። ኮምፒውተሩ የኮምፒውተር አምሳያ፣ የኔትወርክ ካርዱም የካርድ አምሳያ ነው። ብረት የለውም፣ ገመድ የለውም፣ ሲሰኩት ቀጭ አይልም። ቅንብሩ ሲቀየር ግን ልክ እንደ እውነተኛው ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ካርዱ ከማን ጋር እንዲነጋገር እንደተፈቀደለት በቅንብሩ ላይ ሰፍሯል፤ ከመለኪያው፣ ከምሰሶው፣ ከመቆጣጠሪያው። ዞኑን ለመዝጋት ፈቃዱን ባዶ ማድረግ ይበቃል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ለስቪሌና ቁልፍ ከማሽከርከር አይከብዳትም። በትእዛዙ የማትወደው አንድ ነገር ብቻ አለ። «አሻሽል» ይባላል እንጂ አያሻሽልም። ባለው ላይ አይጨምርም፣ ካለውም ላይ አይቀንስም። የነበረውን ጠቅልሎ ይጥልና የሰጡትን ያስቀምጣል። ባዶ ከሰጡት፣ ባዶ።

ጻፈች። የዞን B ካርድ፤ ፈቃድ፣ ባዶ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ጠየቃት፦ «ይህ የነበረውን ሁሉ ይተካል። እርግጠኛ ነህ?» ማሽኑ ሁሉንም ሰው ወንድ ያደርጋል። የአዎንታውን ፊደል ተጫነች። በትልቁ ስክሪን ላይ ካሉት ሦስት ሳጥኖች መካከለኛው ግራጫ ሆነ፤ «ለጥገና ዝግ»።

የእኛ የቡልጋሮቹ ፊደል ተራ А፣ Б፣ В ይላል። ሦስተኛዋ «ቨ» ተብላ ትነበባለች፤ በመልኳ ግን ቁርጥ የላቲኗን ሁለተኛ ፊደል ናት። መዘጋጃ ቤቱ ዞኖቹን በእኛ ፊደል ይጠራቸዋል። ስቪሌና ደግሞ ሥርዓቱ ሲዘረጋ በላቲን ሰይማቸዋለች፤ ማሽኑ የኛን ፊደል በስም ላይ ሲያገኝ ይነጫነጫል ብላ። ሁለቱ ሰዎች ተደዋውለው ቢሆን ኖሮ «በ» እና «ቨ» አይምታቱባቸውም ነበር። ኩንቾ የጻፈው ግን ሦስተኛዋን ነው፤ የጡብ ፋብሪካውን። ስቪሌና ያነበበችው ሁለተኛዋን። ቀኑን ሙሉ ከላቲን ጋር ለሚውል ዓይን ልዩነታቸውን የምትነግር አንዲት ጭረት እንኳ በላይዋ አልነበረችም።

ብሮድ መንደር ውስጥ አባቷ ይኖራል።

ስታመን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቤቱ ከወንዙ ዳር ነው፤ ከጓሮው አጥር እስከ ውሃው ያለው አንድ የቲማቲም መደብ ብቻ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ልጁ ወደ ከተማ ና ብትለው አሻፈረኝ አለ። ሳይረኑ ሲተከል ግን መንደሩን ሁሉ እየዞረ ያወራ እሱ ነበር። «የኔ ልጅ የሠራቻት» ይላል። ምሰሶዋን እንደ ልጅ ልጁ ነው የሚያያት።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይደውላል። ያን ዕለትም ደወለ።

«በላሽ?»

«በላሁ። አንተስ?»

«ሾርባ። ጨው በዛበት። ስሚ፣ ወንዙን ብታዪው የቦዛ ጠላ መስሏል። ወፍሮ፣ ደፍርሶ። የማንን እንደሆነ እንጃ የዶሮ ቤት ይዞ ሲያልፍ አየሁ።»

ስቪሌና ቀና አለች። «ዝናብ አለ እንዴ?»

«እዚህ ጠብ የለም። ላይ ነው የሚያጉረመርመው። ሳይረንሽ ምን ትላለች?»

ወደ ስክሪኑ አየች። የግድቡ ሥር ቢጫ ሆኗል። ዓይኗ ግራጫው ላይ አረፈና አለፈ፤ ያ ኩንቾ ያስዘጋው ነው። ሦስተኛው አረንጓዴ ነው። ቢጫ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ። አእምሮዋ አንዱን እንደተዘጋ ቆጥሮ የቀረውን አረንጓዴ ለአባቷ ሰጠው።

«ምንም አላለችም» አለችው። «ላይኛው ትንሽ ከፍ ብሏል። አንተ ጋ ገና ነው።»

«እንግዲያስ እኔም ምንም አልልም። ጎረቤቲቱ ዶብራ ከላይ አጥሯ ላይ ቆማ ‹ና ወደ ላይ፣ ና ወደ ላይ› ስትለኝ ነበር። ባል ስትፈልግ ነው አልኳት።»

«አባዬ!»

«ታዲያ ምን ልበላት? እቤቷ የራኪያ አረቄ አለ፣ እሱን አልካድኩም። ግን ሳይረኗ ዝም ብላ እኔ ብሮጥ የመንደሩ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ስቪሌና ጥቂት ጊዜ ስክሪኑን እያየች ተቀመጠች። ምን እንደከበዳት አላወቀችም። የዶሮ ቤቱ ነገር ይሆን እንዴ አለች ለራሷ። ወንዙ በየጸደዩ በረዶው ሲቀልጥ ይደፈርሳል፤ በየጸደዩም የአንዱን ነገር ይዞ ይሄዳል። አዲስ ነገር አይደለም።

ቬሊዛር ከሥር ካለው መጋገሪያ የገዛውን ባኒፃ፣ አይብ ያለበት ቂጣ፣ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣና ግማሹን ገፋላት።

«ብዪ። ፊትሽ የግብር ቢሮ መስሏል።»

«አልራበኝም።»

«እኔም አልራበኝም። ባኒፃ ሲርብ አይደለም የሚበላው።»

አልበላችም። ቬሊዛር የራሱን ጨርሶ የእሷን ሲጀምር የላይኛው ሳጥን ቀይ ሆነ። ከግድቡ ሥር ያለው ምሰሶ ጮኸ ማለት ነው። እዚያ የሚሰማው የግድቡ ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቤቱ ኮረብታው ላይ ስለሆነ አያሰጋውም።

«ዞን A ቀይ ገባ» አለ ቬሊዛር፣ ጣቱን እየላሰ። «በፍጥነት ነው የወጣው።»

«አሁን መንደሩ ይጮኻል» አለች።

ጠበቁ። ውሃ ከግድቡ ሥር ተነስቶ መንደሩ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። ቬሊዛር ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ ተቀመጠ፤ የባኒፃውን ወረቀት ሲያጣጥፍ፣ መልሶ ሲዘረጋ፣ መልሶ ሲያጣጥፍ ቆየ።

«ቆየ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«መንደሩ። እስካሁን ቢጫ እንኳ ሊሆን ይገባው ነበር።»

«መለኪያው ጋ ገና አልደረሰ ይሆናላ።»

«በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ኩንቾ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ልታስገድዪብኝ ነው?» አለ ገና ሃሎ ሳትል። ከጀርባው የብረት መንኳኳት ይሰማል።

«ምን ሆኑ ጋሽ ኩንቾ?»

«በያጁ መሰላሉ ላይ አልወጣም አለኝ። የምሰሶው ሳጥን ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ‹ጆሮዬ ሥር ብትጮህብኝ ደንግጬ ልውደቅልህ?› ይላል። እውነቱን ነው! ዝጊልን አላልኩሽም?»

«ዘግቼዋለሁ እኮ። እንደላኩልኝ ወዲያው። ይኸው ግራጫ ሆኖ ፊቴ አለ።»

«የቱ ነው ግራጫው?»

«ያሉኝ ነዋ። በ።»

«በ? ማን በ አለሽ? ቨ ነው ያልኩሽ! ቨ! እኔ የጡብ ፋብሪካው ጋ ቆሜያለሁ፤ በ ምን ይሠራልኛል? በ መንደሩ ነው እኮ!»

ስቪሌና መልእክቱን መልሳ ከፈተችው። ፊደሏ እንደነበረች አለች፤ ቀጥ ያለች፣ ሁለት ሆድ ያላት፣ ምንም የማትናገር።

«ስቪሌና?» አለ ኩንቾ። ድምፁ ወርዷል። «ልጄ፣ መንደሩን ነው የዘጋሽው?»

«አዎ።»

«ላይኛውስ?»

«ቀይ ነው። ቆይቷል።»

የብረቱ መንኳኳት ቆመ። ኩንቾ ለሰዎቹ ሲጮህ ሰማችው፤ «ተዉት! መሰላሉን ተዉት፣ መኪና ውስጥ ግቡ!» ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሶ፣ «መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ወደ መንደሩ አላልፍም። ክፈችው። አሁኑኑ ክፈችው» አለና ዘጋ።

ቬሊዛር ሁሉንም ሰምቷል። የሰማውን መልሶ አልጠየቀም። ስልኩን አንስቶ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን ደወለ።

ፈቃዱን መልሶ ለማስገባት የእያንዳንዱ ፈቃድ መለያ ያስፈልጋል፤ ረጅም፣ ትርጉም የለሽ የፊደልና የቁጥር ጅራት። የነበሩትን ትእዛዙ ጠርጎ ጥሏቸዋል። ስቪሌና ፈልጎ የሚያመጣላትን ሌላ ትእዛዝ ጻፈችና እስኪመልስ የአባቷን ቁጥር መታች። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስታመን እስካሁን የሚጠቀመው የቤት ስልክ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሰውን እንደ ከብት ቃጭል አስሮ ይነዳል ይላል።

«ምነው፣ ናፈቅኩሽ?»

«አባዬ፣ ስማኝ። አሁኑኑ ከቤት ውጣና ወደ ዶብራ ሂድ። ወደ ላይ።»

«ድምፅሽን ምን ነካው?»

«ውሃ እየመጣ ነው። ብዙ ውሃ።»

«ቅድም ራስሽ ገና ነው አልሽኝ። ሳይረንሽም ዝም ብላለች።»

«ዝም ያለችው ዘግቻት ነው። በስህተት። እኔ ነኝ የዘጋኋት።»

ስታመን ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«አይ ልጄ። አሁንስ አበዛሽው።»

«በእናቴ ነፍስ እልሃለሁ!»

«በእናትሽ ነፍስ አትማዪ። ባለፈው በበረዶው ‹ታምሜያለሁ፣ ድረስልኝ› ብለሽ አላስመጣሽኝም? ጉልበቴ እየተንቋቋ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ስደርስ የሙሳካ ትሪ ፊትሽ አስቀምጠሽ አገኘሁሽ። ለካ ለጉልበት ሐኪም ቀጠሮ ይዘሽልኝ ነው።»

«ያ ሌላ ነው፣ አባዬ፣ ያ—»

«ሌላ አይደለም። እኔን ከዚህ ቤት ለማስወጣት የማትፈጥሪው ነገር የለም። እሷ ግን አትዋሽም። ልምምዱ ለት አደባባይ ቆመሽ፣ ማይክ ይዘሽ ያልሽው ራስሽ ነሽ። ‹ሰው ይሳሳታል፣ ሳይረኗ ግን አትሳሳትም› አላልሽም? መንደሩ ሁሉ አጨበጨበልሽ። እኔም አጨበጨብኩ።»

መለያዎቹ መጡ። አንዱን ቀዳች። ሁለተኛውን ስትፈልግ እጇ ከመስመሩ ሳተና መልሳ ጀመረች።

«ውሃው የት ደርሷል?» አለችው፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ቲማቲሙ ጋ።»

«መደቡ ውስጥ ነው?»

«ዘንድሮ ገና አልተከልኩም፣ ምን ይጎዳል? ይጠጣ።»

«አባዬ፣ እባክህ። እለምንሃለሁ። ውሸታም በለኝ፣ ስትመጣ ስደበኝ፣ ብቻ ወደ ላይ ውጣ።»

«ስትጮህ እወጣለሁ። ባርኔጣዬ ይኸው፣ ከዘራዬ ይኸው። ስትጮህ ድልድዩን ተሻግሬ ትምህርት ቤቱ ጋ እቆማለሁ፤ እንዳስተማራችሁን። የዛን ለት ከሁሉም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጉልበቴ። አሁን ግን የቱ ነው የሚያስቸኩለኝ?»

ከወዲያ ቬሊዛር ስልክ ላይ ይጮኻል። «ብሮድ! በ፣ ረ፣ ብሮድ! አዎ፣ ጎርፍ! … እንዴት አልሰማንም ነው የምትይኝ፣ እኔ እየነገርኩሽ!» ከዚያ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ሳይረኑ ካልጮኸ ምን አይታችሁ ነው ይሉኛል» አለ።

ስቪሌና ቀና አላለችም።

«የጎረቤቱን ቁጥር አታውቂም? የዶብራን?»

«አላውቅም። ለኩንቾ ልጻፍለት፣ እሱ ያውቃል።» በጥድፊያ ጻፈችለት፤ የዶብራን ስልክ፣ የማንንም ስልክ፣ ላይኛው ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ወርዶ ታችኞቹን ያስወጣ። ላከችና ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሰች። ሦስተኛው መለያ ገባ። ሦስቱን በትእዛዙ ውስጥ ሰካቻቸው። አሁን ስሙን አንድ አንድ ፊደል እያለች አነበበችው። ዞን B። መንደሩ። የአባቴ። ላከችው።

«ይህ የነበረውን ሁሉ ይተካል። እርግጠኛ ነህ?»

የአዎንታውን ቁልፍ ተጫነች። በመስኮቱ ላይ የወጣችው ግን የኛ ፊደል ናት፤ щ። ለኩንቾ ስትጽፍ ቁልፎቹን ወደ ቡልጋርኛ ቀይራ መመለሱን ረስታለች። ማሽኑ ከአዎንታ ውጭ ያለውን ሁሉ እንቢታ ያደርገዋል። «ተቋርጧል» አለና ዝም አለ።

«አይ፣ አይ፣ አይ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ስታመን ከጠረጴዛው ላይ።

«ላንተ አይደለም።»

«ማነው ደግሞ እዛ የሚጮኸው? ቬሊዛር ነው? ያ ባኒፃ የሚበላው?»

ቁልፎቹን መለሰች፣ ትእዛዙን ደግማ ጠራች፣ ላከችው። ጥያቄው መጣ። ፊደሏን ተጫነችና ከመላኳ በፊት አየቻት፤ ትክክለኛዋ ናት። ላከቻት።

ግራጫው ሳጥን ለአንድ አፍታ አረንጓዴ ሆነ። ካርዱ ከመለኪያው ጋር እንደገና ተዋወቀ። ከዚያ መለኪያው ተዘግቶ ሳለ ያየውን ሳይሆን አሁን የሚያየውን ተናገረ፤ ቁጥሩ ዘለለ፤ ሳጥኑ ቢጫን ሳይነካ በቀጥታ ቀይ ሆነ።

ስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሳይረኑ ድምፁን ከሥር ያነሳ ጀመር። እንደ ከባድ መኪና ማርሽ እያቃሰተ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ስቪሌና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ጮኸ» አለች። «ቬሊ፣ ጮኸ።»

ቬሊዛር ግን እሷን አላየም። ከስክሪኑ ፊት ቆሞ ቁጥሩን እያየ ነው።

«ቆይ» አለ በዝግታ። «ይሄ እኮ ከድልድዩ ወለል በላይ ነው።»

መጀመሪያ ያለው አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሳይረኑ የተሠራው ውሃው ገና ታች ሳለ እንዲጮህ ነው። ሰዉ በሰዓቱ ሰምቶ፣ ድልድዩን በሰዓቱ ተሻግሮ፣ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ላይ እንዲሰበሰብ። እንዲያ ነው ያስተማሯቸው። ዘግይቶ ሲጮህም የሚለው ያንኑ ነው። ሌላ ቃል የለውም።

«ይኸው!» አለ ስታመን። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። «ይኸው ጮኸች! እንዲህ ነው እንጂ! አሁን አመንኩሽ፣ ልጄ። ሄድኩ።»

«አባዬ፣ ድልድዩ ጋ አትሂድ! ወደ ላይ! ወደ ዶብራ!»

«ምን? አይሰማኝም፣ እሷ አደነቆረችኝ። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ከዚያ እደውልልሻለሁ።»

«አባዬ! ድልድዩ—»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሰማች። መልሶ ቦታው አላስቀመጠውም፤ ሲቸኩል እንዲህ ነው። የከዘራው ኳኳታ ወለሉ ላይ ራቀ። በሩ ተከፈተና የሳይረኑ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ስሙን ጠራች። ጮኻ ጠራችው። ድምፅዋ ብሮድ ውስጥ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንዲት የስልክ እጀታ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ሲወጣ ይታያት ነበር።

ከውጭ፣ ከላይ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ስታመን! ወዴት ነህ አንተ ሰውዬ?»

«ወደ ትምህርት ቤቱ ነዋ! አልሰማሽም?»

«ድልድዩ አይታይም እኮ! ውሃው ሸፍኖታል! ና ወደዚህ!»

«ልምምዱ በድልድዩ ነው! ልጄ ናት የምታስጮኻት፤ ካንቺም ከኔም ይልቅ እሷ ታውቃለች!»

ዶብራ ሌላ ነገር ጮኸች። ቃሉ አልተሰማም። እሱም መለሰላት፤ ከበፊቱ ራቅ ካለ ቦታ።

«ዝጊው» አለ ቬሊዛር። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ስቪሌና፣ ሳይረኑን ዝጊው። ታች ያለው ሰው ሁሉ ወደ ድልድዩ ነው የሚሄደው።»

«የመካከለኛው ሰፈርስ? እነሱ ገና አላዩትም። ምን ሰምተው ይውጡ?»

«አላውቅም።»

«ብዘጋው አባቴ ይመለሳል?»

«አላውቅም አልኩሽ!»

ጥቁሩ መስኮት ክፍት ነው። የዘጋችበት ትእዛዝ አልጠፋም፤ ቀስቱን ጥቂት ጊዜ ወደ ላይ ብትጫን ይመጣል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። እርግጠኛ ነህ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም አዎ ወይም አይ ትለዋለች። ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ መልስ አይቀበልም። ጣቷን አላነሳችም፣ አልተጫነችም።

«ዝም በል» አለች በሹክሹክታ፣ ቬሊዛር ምንም ሳይል።

ወደ ስልኩ አጎንብሳ ጆሮዋን አስጠጋች። ዶብራ መጣራቱን ትታለች፣ ወይም ድምፅዋ አይሰማም። ሳይረኑ ብቻ አለ። ከሳይረኑ ሥር ግን ሌላ ነገር መስማት ጀመረች፤ ክፍሉ ውስጥ፣ ቅርብ። የወንበር እግር በእንጨት ወለል ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት። ቆመ። ደግሞ ተንሸራተተ።

«አባዬ?» አለች። «ተመለስክ?»

ወንበሩ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ሰማች። ከዚያ ሌላው ወንበር፣ ከዚያ ከባድ የሆነው፣ የእናቷ ቁምሳጥን፣ ውሃው ከቦታው ሲያነሳው።